ከሞጆ ቄራ እስከ ጂዳ ኢፍጣር

ረመዳን ሲገባ የባሕረ ሰላጤው አገራት የሥጋ ገበያ ይደራል። ሪያድና ጂዳ ላይ ከብሳውና መንዲው፣ አቡዳቢና ዱባይ ላይ ከስንዴ ጋር ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚመታው ሐሪስ ያለ ሥጋ አይሆንም። መግሪብ ላይ ቴምሩና ውኃው ይቀድማል፤ ከሶላት በኋላ ግን ትልቁ ድስት ይወጣል። ከእነዚያ ድስቶች በአንዳንዱ ውስጥ የሚበስለው ፍየል ከጥቂት ቀናት በፊት ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ በሚገኝ የኤክስፖርት ቄራ በረት ውስጥ ቆሞ ድርቆሽ ሲያኝክ ነበር። መርከብ አልተሳፈረም፤ በረዶም አልተደረገም። ቀዝቅዞ፣ ትኩስነቱን እንደያዘ፣ በአውሮፕላን ነው የሄደው።

ከቦሌ ጂዳ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይበቃል። ዱባይ አራት ሰዓት ያህል ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ሥጋ መላክ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። የንግዱ ጭንቀት ያለው ግን በረራው ላይ አይደለም። አውሮፕላኑ አንዴ ከተነሣ በኋላ ሥጋው ሰላም ነው። ፈተናው ያለው ከመታረዱ በፊት በነበሩት ቀናት፣ በመንገዱ ላይ፣ በመጋዘኑ ደጃፍና አውሮፕላኑ በቆመበት ሜዳ ላይ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው። በረመዳን ደግሞ እነዚህ ሰዓታት ይወደዳሉ።

ከእንስሳው እንጀምር። የባሕረ ሰላጤው ገዢ የሚፈልገው ትልቅና ስብ የጠገበ ፍየል አይደለም። ታርዶ፣ ተገፎና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን፣ ወጣት፣ ያልተኮላሸ ወንድ ነው የሚመረጠው። ለበዓል ላቱ የሚንጠለጠል በግ፣ ለድግስ የሰባ ሙክት ለምንመርጥ ለእኛ ይህ ሊገርመን ይችላል። እነሱ ግን ሥጋው ከአጥንቱ ጋር ሙሉውን ሩዝ ላይ ተጋድሞ የሚቀርብ በመሆኑ ትንሽነቱንና ለስላሳነቱን ይሻሉ። ለዚህ የሚመቹት የቆላ እንስሳት ናቸው፦ የቦረና፣ የሶማሌና የአፋር ፍየሎች፣ እንዲሁም ያ ጥቁር ራስ ነጭ ገላ የሶማሌ በግ።

የደጋ በግና ፍየልስ? ላኪዎች ለብዙ ዓመታት ሲያነሡት የቆዩት ቅሬታ የደጋው እንስሳ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል የሚል ነው። ቄራ ውስጥ ቀይ ሆኖ የወጣው ሥጋ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ጠቆር ብሎ ይገኛል። መልኩ የከፋ ሥጋ ደግሞ ቢጣፍጥም ገበያ ላይ ይወድቃል። ለጥቁረቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከመታረዱ በፊት የሚደርስበት ድካምና ድንጋጤ ነው። እንስሳው ሲያርፍና ሲመገብ በጡንቻው ውስጥ የሚያጠራቅመው የስኳር ክምችት አለ። ከታረደ በኋላ ያ ክምችት ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ አሲዱም ሥጋውን ደማቅ ያደርገዋል፣ ተህዋስያንንም ያዘገያል። በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቆ ሁለት ቀን ተንገላትቶ የመጣ፣ ውኃ ያልቀመሰ፣ በማያውቀው መንጋ መካከል ሲጋፋ ያደረ እንስሳ ግን ክምችቱን ጨርሶ ነው ቢላዋ ሥር የሚደርሰው። እንዲህ ያለው ሥጋ ጠቆር፣ ጠንከር፣ ደረቅ ይላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

በመሆኑም የአየር ጭነቱ ጥራት የሚወሰነው ያቤሎ ወይም ነጌሌ ላይ መኪናው ሲጫን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በረት ውስጥ ዕረፍት፣ ውኃና ሳር ማግኘት ለእንስሳው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ለላኪው ገንዘብ ነው። ትእዛዝ ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ዕረፍት መሆኑን መገመት አይከብድም።

ዕርዱ በሃላል ሥርዓት ይፈጸማል፤ ለዚህም ማረጋገጫ ይሰጣል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ከዕርድ በፊት እንስሳውን በቁሙ፣ ከዕርድ በኋላ ደግሞ ሥጋውንና ሆድ ዕቃውን ይመረምራል። ከዚያ ሥጋው ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የሥጋው ውስጠኛ ክፍል፣ ላዩ ብቻ ሳይሆን ታፋው መሐል አጥንቱ አጠገብ ያለው፣ ከአራት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ አለበት። እዚህ ላይ መቸኮልም ጥፋት ነው። ፍየል ስብ የለውም፤ ትንሽም ነው። ገና ሳይረጋ በኃይለኛ ቅዝቃዜ ከተመታ ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢቀቀል አይላላም። ስለዚህ ቅዝቃዜው በደረጃ እንዲወርድ ይደረጋል። በዚህ መሐል ሥጋው ውኃውን ያተንና ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ክብደቱን ሊያጣ ይችላል። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ቀዝቅዞ ያደረው ሥጋ በስስ ነጭ የጥጥ ከረጢት ይለበስና ጉዞ ይጀምራል። ቆዳው እዚሁ ይቀራል፤ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ይሄዳል።

“ይህን ሁሉ ከመጨነቅ ለምን በረዶ አድርገው በመርከብ አይልኩትም?” የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ገዢው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የደረቀ ሥጋ ለወራት ይቆያል፤ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር እስከ ጅቡቲ ከዚያም በባሕር መላኩ ከአውሮፕላን በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ዓለም በረዶ ሥጋን በአብዛኛው የሚያጓጉዘው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን በረዶ ሥጋ ላይ ከሕንድና ከብራዚል ጋር በዋጋ መፎካከር አለ፤ ያ ደግሞ የግዙፎች ሜዳ ነው። ለኢፍጣር ሙሉ ፍየል የሚገዛው የጂዳ ሰው ትናንት የታረደ የሚመስል ሥጋ ነው የሚፈልገው፤ ለእሱም የተሻለ ይከፍላል። የእኛ ጥቅም ቅርበታችን ነው። አውስትራሊያም በአውሮፕላን ትኩስ የበግ ሥጋ ወደዚያው ገበያ ትልካለች፤ ከሜልቦርን ዱባይ ግን አሥራ አራት ሰዓት ያህል ነው። ኬንያና ታንዛኒያም እዚያው አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚርቅ ጎረቤት ይዞ በዚህ ገበያ መሸነፍ የሚያስቆጭ ነው።

በረዶ የሆነ ምግብ በአውሮፕላን ፈጽሞ አይሄድም ማለት ግን አይደለም። ይሄዳል፤ ግን የአውሮፕላን ጭነት ክፍል እንደ ቤታችን ማቀዝቀዣ አያደርቅም። ምግቡ ሙቀት በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ድራይ አይስ ተጨምሮበት ይታሸጋል። ድራይ አይስ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ በተዘጋ ቦታ ኦክስጅንን ስለሚገፋ በአየር ትራንስፖርት ሕግ ከአደገኛ ዕቃዎች ተመድቧል፤ በአንድ አውሮፕላን የሚጫነውም በልክ ነው። በሻንጣው ምግብ ለሚይዝ መንገደኛ የተፈቀደው እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ሲሆን ለእሱም የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዒድ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ለዘመድ ሥጋና ቅቤ በሻንጣ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ድራይ አይሱ አያድናችሁም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤትን ይከለክላል፤ አሜሪካም ሥጋ ላይ ጥብቅ ናት። እንጀራ ግን ያልፋል። በየሳምንቱ በዚሁ በቦሌ በር በአውሮፕላን ይወጣል፤ ቅዝቃዜም አይጠይቅም።

ወደ ፍየላችን እንመለስ። ከሞጆ አዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በፍጥነት መንገዱ ሲነዳ ቱሉ ዲምቱ በጊዜ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የከተማው መጨናነቅ ነው። መኪናው ማቀዝቀዣ ስላለው ሥጋው ወዲያው አይጎዳም፤ ለአውሮፕላኑ የሚቀረው ጊዜ ግን ይጎዳል። የአየር ጭነት ከመነሻው ሰዓታት አስቀድሞ መረከብ አለበት፦ ይመዘናል፣ ይፈተሻል፣ ይደረደራል። የጤና ምስክር ወረቀቱ፣ የሃላል ማረጋገጫው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና የአየር ጭነት ሰነዱ እርስ በርስ መመሳሰል አለባቸው። የኪሎው ቁጥር በአንዱ ላይ ቢሳሳት፣ የተቀባዩ ስም በሌላው ላይ አንዲት ፊደል ብትጎድል፣ ሥጋው ከአራት ዲግሪ ሳያልፍ ወረቀቱ ሊያስቀረው ይችላል። እዚያ ላይ ሲደርስ ከቅዝቃዜ ባለሙያ ይልቅ ጠንቃቃ ጸሐፊ ይበልጣል።

ቦሌ ላይ ቦታ አለ። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለተኛ የካርጎ ተርሚናል በዓመት 600 ሺህ ቶን፣ ከቀድሞው ጋር ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቶሎ ለሚበላሹ ዕቃዎችም ማቀዝቀዣ ክፍሎች አሉት። ነገር ግን በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚያድረው ሥጋ ብቻ አይደለም። ጽጌረዳ አለ። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲት ውስጥ በመውደቁ የሥጋው ትእዛዝ የሚያይለው አውሮፓውያን ለፍቅረኞች ቀንና ለሴቶች ቀን አበባ በሚያጋብሱበት ወቅት ነው። መድረሻቸው ይለያያል፤ አበባው ወደ አውሮፓ፣ ሥጋው ወደ ዓረብ አገር። መጋዘኑ፣ ጫኙ፣ የጭነት አውሮፕላኑ ግን አንድ ነው። ሒሳቡም ይለያያል። በአየር ጭነት ስድስት ሺህ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቦታ የያዘ ዕቃ ቢቀልም እንደ አንድ ኪሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ አበባ በያዘው ቦታ፣ ሥጋ በክብደቱ ይከፍላል። አንድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን 100 ቶን ያህል ይሸከማል። ስምንት ስምንት ኪሎ በሚመዝኑ ፍየሎች ቢሞላ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ፍየል ማለት ነው።

ሁሉም ግን በጭነት አውሮፕላን አይሄድም። ከዓለም የአየር ጭነት ግማሽ ያህሉ ሲጓዝ የኖረው በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ፣ ከሻንጣዎች ጎን ነው። ይህን ሰው ያወቀው በኮሮና ጊዜ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የመንገደኛ በረራዎች ሲቆሙ የጭነት ቦታውም አብሮ ጠፋ፤ የረመዳን ጨረቃ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ወጣች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር እያነሣ ጭነት ማመላለስ የጀመረው ያኔ ነው። በደህናው ዘመንም ቢሆን የሆድ ጭነት የራሱ ጣጣ አለው። የመንገደኛው ሻንጣ ከበዛ ጭነቱ ይቀነሳል። በረመዳን ለዑምራ የሚጓዘው ሕዝብ ይበዛል፤ የእሱ በረራና የሥጋው በረራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ ወደ ጂዳ። ዛሬ የቀረ ሥጋ ነገ ይሄዳል፤ ግን ከዕድሜው አንድ ቀን ተቀንሶ፣ ዋጋውም አብሮ ወርዶ።

ከሁሉ የሚያስፈራው አጭሩ መንገድ ነው፦ ከመጋዘኑ በር እስከ አውሮፕላኑ ሆድ፣ ከዚያም ባረፈበት አገር ከአውሮፕላኑ እስከ ማቀዝቀዣው። ፓሌቱ ሜዳ ላይ ቆሞ የመጫኛ ማሽን ሲጠብቅ ቅዝቃዜ የለም። ብርማ መሸፈኛ ይለብሳል፤ ፀሐይን ይመልሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። በዚህ ረገድ የጨረቃው አቆጣጠር ለጊዜው ረድቶናል። ረመዳን በየዓመቱ ከፀሐይ አቆጣጠር አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። ከአሥር ዓመት በፊት ሰኔ ላይ ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው ሜዳ ላይ ያለው ሙቀት ከአርባ ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት። አሁን ክረምታቸው ላይ ደርሷል። ሥጋው ሲደርስ ተቆጣጣሪው የሙቀት መለኪያ መርፌ ታፋው ውስጥ ይሰካል፤ በጭነቱ ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ መመዝገቢያ ካለም የመንገዱን ሙቀት በየደቂቃው ይናገራል። ለሃያ ደቂቃ ሜዳ ላይ መዘንጋት እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ኪሳራው ሲመጣ ማን ላይ ያርፋል? ገዢው ዋጋ ይቀንሳል ወይም አልቀበልም ይላል፤ ላኪው በሚቀጥለው ግዢ ለነጋዴው ይቀንሳል፤ ነጋዴው ለደላላው፣ ደላላው ደግሞ ፍየሉን አሥር ወር ጠብቆ ላሳደገው አርብቶ አደር። ከሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ሰው አውሮፕላኑ ለምን እንደዘገየ የሚነግረው የለም፤ የሚያውቀው ዘንድሮ ፍየሉ እንዳላወጣለት ነው። ሌላ በርም አለው። የሶማሌ ክልል እንስሳ በቁሙ በርበራ ወደብ ደርሶ በመርከብ ወደዚያው ሳዑዲ ሲሻገር የኖረ ነው። ቄራዎቹ እንስሳ አጣን፣ ከአቅማችን በታች እየሠራን ነው እያሉ ሲያማርሩና ኮንትሮባንድን ሲወቅሱ ይሰማል። ክሱ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። አርብቶ አደሩ የተሻለ ወደ ከፈለው ይሄዳል፤ በሕግ ብቻ የሚመለስ መንጋ የለም። በቁም መላክም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን በተቀሰቀሰ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ በሚሄዱ እንስሳት ላይ የተጣለው እገዳ ለዓመታት ቆይቶ ብዙ ቤት አራቁቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። በቅርብ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተቀራርበው ሲመጡ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያውም ሁለቱም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገብተዋል። ይህ ለጎረቤታሞች ደስ የሚል መገጣጠም ነበር፤ ለሥጋ ላኪውም ሳይጠቅመው አልቀረም። የውጭው ገበያ ሲያይል የአገር ውስጡ ልኳንዳ ቀዝቅዞ ይቆየዋል። ይህ ግን አላፊ ነው። ረመዳን ወደ ኋላ መሄዱን ይቀጥላል። በ2022 ዓ.ም. የሚገባው በገና ዋዜማ አካባቢ ነው፤ ያኔ የጂዳ ገዢና የአዲስ አበባ አባወራ አንድ ፍየል ላይ ይፎካከራሉ። ወቅቱ ደግሞ ቦረና ላይ የበጋው ድርቀት የሚጠናበት፣ እንስሳው የሚከሳበት ነው። ከሦስት ወር በፊት መኖ ይዞ እንስሳ ያስገባና ያደለበ ቄራ ያልፈዋል። ከገበያ እያነሣ በማግሥቱ የሚያርደው ይቸገራል።

ከረመዳን ቀናት ሁሉ ለላኪው የሚከብደው መጨረሻው ነው። ዒድ በሃያ ዘጠኝ ይሁን በሠላሳ የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት፣ ጨረቃዋ ስትታይ ነው። ሥጋው ግን ጨረቃ አይጠብቅም። ለማቀዝቀዣው አንድ ቀን፣ ለርክክቡና ለበረራው ግማሽ ቀን፣ ጂዳ ላይ ለምርመራና ለሥርጭት ሌላ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በሃያ ስድስተኛው ወይም በሃያ ሰባተኛው ቀን ገዢው ትእዛዙን ይልካል፤ ቄራው ያርዳል። ዒዱ በማግሥቱ ከዋለ ሱቆቹ በሌሊት ሥጋውን ይጨርሱታል። በአንድ ቀን ከዘገየ ሥጋው አንድ ቀን አርጅቶ ይጠብቃል። ዘግይቶ የተነሣ ጭነት ደግሞ በበዓሉ ዕረፍት መሐል ይደርሳል፤ መሥሪያ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ተረካቢው ልብሱን ቀይሮ ለዒድ ሶላት ወጥቶ። ያን ቀን ፓሌቱ አጠገብ ቆሞ ስልክ የሚደውለው ሰው፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ፓኪስታናዊ፣ ዒዱን የሚያከብረው ማቀዝቀዣ ክፍል በር ላይ ነው።